ባዶ ወንበር ይዞ ቃሊቲን ማለፍ ነውር ነው

እሑድ ጠዋት በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ስትወርዱ የቮልስ ሰልፍ ከፊታችሁ ካጋጠማችሁ ምናልባት እኛ ነን። ክላክስ አታድርጉብን፤ ከምንሄደው በላይ አንፈጥንም። ከፊት የሚሄደው ሁልጊዜ ጉልበት የሚያንሰው ባለ 1200 ሞተሩ ነው፤ ሌላው በእሱ እርምጃ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ያለው የመካኒካችን መኪና ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ ካለ እሳቸው ሳያዩት አያልፉም። በመሐል ያለነው ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ከአባታቸው አንድ መኪና የወረሱ እህትና ወንድም፣ ሌሎችም ነን። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምነዳው አባቴ የተወልኝን ባለ 1300 ቮልስ ነው።

በሌላው ዓለም የአሮጌ መኪና ክበብ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት ስፖርት መኪና ነው። እንግሊዞች የኤምጂ መኪና ባለቤቶችን ክበብ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ዛሬም አለ። አብሮ መንዳት፣ አብሮ መብላት፣ ዕቃ መለዋወጥ ሥራቸው ነው። በአዲስ አበባ ያ ፍቅር ያረፈው በቮልስ ላይ ነው። ቮልስ ስፖርት መኪና አይደለም፤ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረ፣ ቀለሙ የታደሰ፣ ባለቤቱ እንደ ልጅ የሚንከባከበው መኪና ፈልጉ ብትባሉ መጀመሪያ የምታገኙት እሱን ነው። የቮልስ ወዳጆችም በየጊዜው ተሰባስበው ከከተማ ሲወጡ ኖረዋል። የእኛ ስብስብ ከእነዚያ አንዱ ነው፤ ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ቮልስ ለምን ይህን ያህል ዕድሜ አገኘ? ሞተሩ ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ውኃ የሚባል ነገር የለውም፤ ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚገፋው አየር ብቻ ነው። ራዲያተር ከሌለ የሚያፈስ፣ የሚደፈን፣ ዳገት ላይ የሚፈላ ነገር የለም ማለት ነው። የጎደለበት ጉልበት ነው። አየር በከፍታ ይሳሳል፤ ወደ 2,300 ሜትር ግድም ያለች አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው አቅም አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለ 1200ው ከፋብሪካ ሲወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ እኛ ዘንድ 27 ቢደርስ ነው። ይህን ሒሳብ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እሰጣለሁ፤ ከመጽሐፉ ጥያቄ ሁሉ የሚወዱት እሱን ነው። በረሃብ እንጂ በጥማት አይሞትም ይላሉ የእኛ መካኒክ ስለ ቮልስ።

የዚች አገር ታሪክም ከቮልስ ጋር ተጠላልፏል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ሮልስ ሮይስ ቆሞ ሳለ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው ያ ትንሽ መኪና ነው። በስብስባችን ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ይህን ነገር ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ አንዳንዱ በሐዘን፣ አንዳንዱ የዚያን ዘመን ተስፋ በማስታወስ። በዚህ ተከራክረው ምሳ የቀዘቀዘበት ጊዜ አለ። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ መኪና ወደዚህ አገር የገባው በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የመኪናን ሙያ ሊማሩ ወደ ጀርመን ተልከው በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ገጣሚና ዘፋኝ ሆነው ሹፌርም መሆናቸው ለእኔ የመኪና ፍቅራችንን ጠባይ ይናገራል፤ መኪና ከመጀመሪያው ለእኛ ከጨዋታ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ ቃሊቲ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነውና። ከሳሪስ ወርዶ ወደ አቃቂ የሚወስደው ዋና መንገድ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ነው የሚያልፈው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው በሁለት እጃቸው ምሳ ዕቃና ፔርሙስ ያንጠለጠሉ፣ ፌስታል የተሸከሙ፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶችን ያውቃል። ታላቅ ወንድሜ ለተወሰኑ ዓመታት እዚያ ታስሮ ነበር። እናቴ ከቄራ ሁለት ታክሲ እየያዘች፣ ወጡ እንዳይደፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሄድ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጋፋት፣ ረዳቱ ዕቃሽን አንሺ ሲላት፣ ደርሳ ደግሞ ተራ ስትጠብቅ ውላ ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ቮልስ ነበራቸው። አንድ ቅዳሜ እናቴን ከበር ላይ አገኟት፤ ወዴት እንደምትሄድ ያውቁ ነበር፤ ምንም አልጠየቁም። የቀኙን በር ከፍተው «እትዬ፣ ግቢ» አሏት። ከዚያ በኋላ ወንድሜ እስኪፈታ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርሷት እሳቸው ሆኑ። ምሳ ዕቃው ከፊት ለፊት ባለው ዕቃ መጫኛ፣ ኮፈኑ ሥር፣ በጋቢ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው የዚህ ስብስብ መሥራች ከሆኑት አንዱ ናቸው። ሰልፋችን በቃሊቲ ሲያልፍ ባዶ ወንበር መኖር የለበትም የሚለው ልማድ ከእሳቸው የመጣ ነው። ሳሪስ ላይ እንሰበሰባለን። ታክሲ የሚጠብቁ የእስረኛ ጠያቂዎችን እንጭናለን፤ ከማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ እናወርዳቸዋለን፤ ከዚያ ወደ ጉዟችን እንሄዳለን። ማን እንደታሰረና በምን እንደታሰረ አንጠይቅም። አዲስ አባል ሲመጣ የምናስተምረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ አንዳንዱ ቅር ይለዋል፤ መኪናው እንዳይቆሽሽ ይሰጋል። እንደዚያ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ከእኛ ጋር አይቆይም፤ ባይቆይም አልቆጭም።

ከአቃቂ ድልድይ በኋላ ገላን ነው፤ ከዚያ ዱከም። ፈጣኑን የአዳማ መንገድ አንይዝም፤ እዚያ ላይ የእኛ ዝግታ ለሌላው አደጋ ነው። ባለፈው ክረምት ማግስት ዱከም ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የልብስ ሰፊዋ መኪና ቀይ መብራት በራ። ይህ መብራት ዳይናሞው መቆሙን ነው የሚናገረው። ባትሪ ነው ብሎ ገፍቶ የሄደ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል፤ ዳይናሞውን የምታዞረው ቺንጋ ማራገቢያውንም የምታዞረው እሷው ናትና። ልብስ ሰፊዋ ይህን ታውቃለች፤ ወዲያው ዳር ያዘች። መካኒካችን ጋሼ ከኋላ ደርሰው ወረዱ፤ ቺንጋዋ ተበጥሳለች።

ማንም ቢሠራው በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነው። ጋሼ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ከእህቱ ጋር መኪና ለወረሰው ወጣት «በል አንተ» አሉት። የፑሌጃውን ዳዶ ፈታ። ፑሌጃዋ ሁለት ግማሽ ናት፤ በመሐሏ የተደረደሩ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ብዙ ሮንዴላ በመሐል ከገባ ቺንጋዋ ትላላለች፤ ሮንዴላ ሲወጣ ትጠብቃለች። በጣት ሲጫኗት አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ግድም መጉበጥ አለባት። ልጁ ሁለት ጊዜ አጥብቆ ሁለት ጊዜ ፈታ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልነኩም፣ ጣታቸውን ብቻ አስቀምጠው «ገና» ይላሉ። እኛ መንገዱ ዳር ጀበና ጥደን ነበር። አቦል ሲቀዳ ሞተሩ ተነሣ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ የራሱን ቺንጋ ራሱ ይለውጣል፤ የሌላውንም።

ቢሾፍቱ ስንደርስ የምናደርገውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ባቦጋያ ወይም ሆራ ዳር ጥላ ፈልገን መኪኖቹን አሰልፈን፣ ኮፈኖቹን ከፊትም ከኋላም ከፍተን እናያለን። ሕፃናት ፊት ለፊት ሞተር ፈልገው ሻንጣ ሲያገኙ ይስቃሉ። ጾም ከሆነ ሽሮና ዓሣ፣ ፍስክ ከሆነ ዱከም ላይ የተገዛ ሥጋ ይቀርባል። ፎቶግራፍ አንሺው ያነሳል። ሲመሽ ደግሞ አልነሣ ያሉትን መኪኖች እንገፋለን።

ከጉዞው ይልቅ ሰዉን የሚያስተሳስረው በወር የምንገናኝበት ዕቁባችን ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ለሞተር ማሳደሻ ያውለዋል፤ አንዳንዴ ለላሜራ፣ አንዳንዴ ለቀለም። ዕቃ ፍለጋ ወደ መርካቶ ሱማሌ ተራ የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ የሁሉንም ዝርዝር ይዞ ይሄዳል። የፊት መብራት ለእኔ፣ ካንዴላ ለእሷ፣ የበር ላስቲክ ለእሳቸው ብሎ ያመጣል። የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮ ፑኤብላ ፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ያን ያህል ስለተሠራ ዕቃው ከምድር አልጠፋም፤ ሜክሲኮና ብራዚል የተሠራ ዕቃ እስካሁን ይመጣል። የአባል ልጅ ሲዳር ሙሽሮቹን የሚያጅበው የቮልስ ሰልፍ ነው፤ አበባው ፓራውልት ላይ ይታሰራል። ሐዘን ላይም እንዲሁ በአንድ ሰልፍ እንሄዳለን።

ወደፊቱን ሳስብ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና አስገቢ ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመኑ ፕሬዝዳንት በመጡበት ጊዜ ቮልስዋገን ኩባንያ እዚህ የመኪና ኢንዱስትሪ ለማቋቋም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር፤ ያኔ ከእኛ መሐል በደስታ ያለቀሱ ነበሩ። ዛሬ ያሉን ቮልሶች ግን ከቀድሞ የቀሩት ብቻ ናቸው። ቤንዚንም በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ወጣቶቹ አባላት ሞተሩን አውጥተን የኤሌክትሪክ እንግጠምለት ይላሉ፤ ትልልቆቹ ድምፁ ከሌለ ምኑ ቮልስ ነው ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልሆንም። የሚያስፈራኝ መኪናው ከማለቁ በፊት መኪናውን የሚያውቁት እጆች ማለቃቸው ነው። ጋሼ ሰባ አልፈዋል፤ ከእሳቸው ጋር የጀመሩት አብዛኞቹ ወይ አርፈዋል ወይ ጋራዣቸውን ዘግተዋል።

እስካሁን መካኒኮቻችንን የምንጠራቸው ስንቸገር ነው። ጉዞ ሲኖር ገንዘብ ከፍለን ከኋላ እናስከትላቸዋለን፤ ዕቁብ ላይ የሉም፤ ስለ መንገድ ስንመርጥ አይጠየቁም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ጋሼና ሌሎቹ መካኒኮች ሙሉ አባል ሆነው በዕቁቡም በምርጫውም ይግቡ፤ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቃሊቲ ባለው የጋሼ ጋራዥ ሦስት ወጣት አባላት ከእሳቸው ጋር ሞተር ያውርዱ፤ የሙያቸውን ዋጋም ስብስቡ ይክፈል። የባንክ ሠራተኛው ከወዲሁ ደግፈውኛል። ፎቶግራፍ አንሺው ገንዘቡ ከየት ይመጣል ይላል፤ ከቢሾፍቱ ምሳችን ላይ እንቀንስ ብዬዋለሁ።