በ«ጂ» እና በ«ኤል» የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ለምን ያበራሉ?

የፍም ደብዘዝ ያለ ብርሃን በእንግሊዝኛ «ግሎው» ይባላል። የጌጣ ጌጥ ብልጭልጭታ «ግሊተር» ነው፤ ከሩቅ ጭል ጭል የሚል መብራት «ግሊመር»፤ የተወለወለ ብረት ነጸብራቅ «ግሊም»፤ ዓይን የሚወጋ ኃይለኛ ብርሃን «ግሌር»። ዓይን ጣል አድርጎ መመለስ «ግላንስ»፣ በጨረፍታ ማየት ደግሞ «ግሊምፕስ» ይባላል። ቃላቱ ሁሉ በ«ጂ» እና በ«ኤል» ይጀምራሉ፤ ሁሉም ስለ ብርሃን ወይም ስለ እይታ ይናገራሉ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ መጀመሪያ ላይ የሚያስገርም አይመስልም። አማርኛ እንደ ሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ቃላቱን ከተነባቢ ሥር ያበቅላል፤ ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ብርሃን፣ ብሩህና አበራም እንዲሁ። በአማርኛ ይህ ዝምድና የሰዋስው ሕግ ነው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ከ«ግሊተር» ላይ ሁለቱ መነሻ ፊደላት ቢነሱ የሚተርፈው «ኢተር» ምንም ማለት አይደለም፤ ከ«ግሊመር» የሚቀረው «ኢመር»ም ባዶ ድምፅ ነው። ሁለቱ ፊደላት ሥርም ቅጥያም ካልሆኑ ብርሃኑን ከየት አመጡት?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የወሰን የለሽነትን የሂሳብ ምልክት በ1655 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ጆን ዋሊስ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉ የመነሻ ድምፃቸውን የሚጋሩ ቃላት በትርጉምም እንደሚቀራረቡ ጽፎ ነበር። በ1930 ደግሞ የቋንቋ ምሁሩ ጆን ሩፐርት ፈርዝ ለእነዚህ የድምፅ ጥምረቶች «ፎነስቲም» የሚል ስም አወጣላቸው። ነገሩ ክርክር ያስነሳው በሌላ ምክንያት ነው። የዘመናዊ ሥነ ልሳን አባት የሚባለው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ትምህርት፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 በታተመው መጽሐፍ እንደተጻፈው፣ በቃል ድምፅና በትርጉሙ መካከል ተፈጥሯዊ ትስስር የለም የሚል ነው። ውሻን «ውሻ» ያሰኘው የተናጋሪዎቹ ስምምነት እንጂ የውሻው ጠባይ አይደለም። ታዲያ የሚያበሩት ቃላት ከዚህ ሕግ ያፈነገጡ ናቸውን?

ከፊሉን የሚመልሰው የዘር ሐረግ ነው። «ግሎው»ን የመሰሉት ጥንታውያን ቃላት ማብራትን ከሚያመለክት የጥንት ሥር የወረዱ ናቸው፤ መስታወት ማለት የሆነው «ግላስ» እና ወርቅ ማለት የሆነው «ጎልድ» ሳይቀሩ ከዚያው ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚማርኩት ከዘሩ ሳይሆኑ የተቀላቀሉት ናቸው። «ግላንስ» ከፈረንሳይኛ ሲገባ የሰይፍ ወይም የቀስት ምት ዒላማውን ነክቶ መንሸራተቱን ይገልጽ ነበር፤ ማየት የሚለውን ፍቺ ያገኘው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የ«ግላመር» ታሪክ ነው። ዛሬ የፊልም ተዋንያንን ውበትና ድምቀት የሚገልጸው ይህ ቃል የተወለደው «ግራመር» ከሚለው፣ ማለትም ከሰዋስው ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰዋስው ማለት የላቲን ትምህርት ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝብም የተማረውን ሰው በአስማት ይጠረጥረዋል። ሰዋስውና ቅኔ የዘለቀ ደብተራ በኢትዮጵያም ምን ይባል እንደነበር ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በስኮትላንድ አንደበት «አር» ወደ «ኤል» ተለወጠና ቃሉ ዓይን የሚያታልል ድግምት ማለት ሆነ፤ ደራሲው ዋልተር ስኮት ካስፋፋው በኋላ ወደ ሚያፈዝ ውበት ተሻገረ። አንዲት ፊደል ስትቀየር ደረቁ ሰዋስው ከሚያበሩት ቃላት ሰፈር ገባ።

በ«ኤስ» እና በ«ኤን» የሚጀምሩት ደግሞ የአፍንጫ ቤተሰብ ናቸው፤ ማነፍነፍ «ስኒፍ»፣ ማንኮራፋት «ስኖር»፣ ንፍጥ «ስኖት»፣ የእንስሳ አፍንጫ «ስናውት»። ማስነጠስም «ስኒዝ» ነው፤ ነገር ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ይጀምር የነበረው በ«ኤፍ» ነው። በዘመኑ የእጅ ጽሕፈት አንዱ የ«ኤስ» ቅርጽ ከ«ኤፍ» ጋር ይመሳሰል ስለነበር የንባብ ስሕተት ሳይረዳው እንዳልቀረ ምሁራን ይገልጻሉ። ስሕተቱ ጸንቶ የቀረው ግን አዲሱ አጠራር ከአፍንጫ ዘመዶቹ ጋር ስለገጠመ ነው።

እነዚህ ቤተሰቦች በሰው አእምሮ ውስጥ በእርግጥ መኖራቸውን አሜሪካዊው ቤንጃሚን በርገን በ2004 ባሳተመው ጥናት ፈትሿል። ተሳታፊዎች አንድ ቃል ለቅጽበት ካዩ በኋላ ተከትሎ የሚመጣው እውነተኛ ቃል መሆን አለመሆኑን በፍጥነት መለየት ነበረባቸው። ከ«ግሊተር» በኋላ «ግሎው» ሲመጣ፣ ፊደል ብቻ ወይም ትርጉም ብቻ ከሚጋሩ ጥንዶች ይልቅ መልሱ ፈጠነ። በዚያው ጥናት በተመረመሩት ጽሑፎች በ«ጂ» እና በ«ኤል» ከሚጀምሩት ቃላት 39 በመቶ ያህሉ ከብርሃን ወይም ከእይታ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በየጽሑፉ የተደጋገሙበት ጊዜ ሲቆጠር ደግሞ ድርሻቸው ወደ 60 በመቶ ይደርሳል።

ቀሪዎቹ ቀላል ቁጥር አይደሉም። ጓንት «ግላቭ»፣ ሙጫ «ግሉ»፣ ዕጢ «ግላንድ» ነው፤ አንዱም አያበራም። በረዶ «ስኖው»፣ እባብ «ስኔክ» ሲባሉም አፍንጫ የለበትም። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ኑሮውን የጀመረ ሰው ያላወቀውን ቃል ከመነሻ ፊደሉ ቢገምት አንዳንዴ ይሳካለታል፤ የመድኃኒት ማዘዣና የሥራ ውል ግን በግምት የሚነበቡ አይደሉም።

በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ከዓለም ቋንቋዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉትን መሠረታዊ ቃላት አነጻጽሮ ነበር። አፍንጫን የሚሰይሙ ቃላት የ«ን»ን ድምፅ፣ ምላስን የሚሰይሙት ደግሞ የ«ል»ን ድምፅ በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ ይይዛሉ። የ«ር» ድምፅም ቀይ ቀለምን በሚሰይሙ ቃላት ይበዛል። አማርኛ በሦስተኛው አይስማማም፤ «ቀይ» ውስጥ «ር» የለም። በሁለቱ ግን ይስማማል፤ ምላስ «ል»ን፣ አፍንጫም ሆነ የግዕዙ «አንፍ» «ን»ን ይዘዋል። ንፍጥ፣ አነፈነፈና አስነጠሰም «ን»ን አልጣሉም። «አንኮራፋ» ከዚህ ዝርዝር ባይገባ ይሻላል፤ የእርሱ «ን» እንደ «አንጠለጠለ» ሁሉ ከፊት የተለጠፈ ነውና።