የአዲስ አበባ የሶል ሸክላዎች

በአዲስ አበባ የሶል ሙዚቃ ሸክላ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚታሰበው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነው። ስፋቱ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ይይዛል፤ ዘፈኑም ከሦስትና ከአራት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ እንዲህ ያሉ 500 ገደማ ሸክላዎችና ኤልፒ የሚባሉ 30 ገደማ ትልልቅ ሸክላዎች ለገበያ ቀርበዋል። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ነገር ግን የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማህሙድ አህመድ፣ የዓለማየሁ እሸቴ፣ የሙሉቀን መለሰና የግርማ በየነ የወጣትነት ድምፅ ለዛሬ ጆሮ የደረሰው በአመዛኙ በእነዚህ ሸክላዎች ነው።

የኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1910 መካከል፣ ዜማና ግጥማቸውን አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ የሸክላ ሥራ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቅዞ ቆየ። በ1940 ዓ.ም. የወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ደግሞ ሸክላ የማስመጣቱንና የማሳተሙን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ማኅበሩ በሳክስፎንና በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወተውን አዲሱን ትውልድ ለማሳተም ያሳየው ፍላጎት ትንሽ ነበር፤ ሌላው እንዳያሳትም ደግሞ ሕጉ አገደ።

ይህን ክልከላ የደፈሩት አምኃ እሸቴ ናቸው። የሙዚቃ ሱቅ ነበራቸውና የአሜሪካም፣ የሕንድም፣ የሱዳንም ሸክላ እየሸጡ የአገራቸው ሙዚቃ በመደርደሪያው ላይ አለመኖሩ ቆጫቸው። በ1961 ዓ.ም. አምኃ ሬከርድስን አቋቋሙ፤ የዓለማየሁ እሸቴን ሁለት ዘፈኖች አስቀርጸው ሸክላው እንዲታተም ወደ ሕንድ ላኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ዓመታት 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ። የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስም በኢትዮጵያ ማሳተም ጀመረ፤ አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሬከርድስን ይዘው ተከተሉ። የአምኃ ድፍረት ባይኖር ኖሮ የዚያ ዘመን ሙዚቃ በምሽት ክበብ ተሰምቶ እዚያው የሚቀር ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ሸክላውን አገር ውስጥ ማተም ግን አይቻልም ነበር። በዚያን ጊዜ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው አቃቂ የኢንዱስትሪ ሰፈር ነበር። ጨርቅ ይፈተልበታል፣ ይሸመንበታል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ያልፍበታል። ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ግን በአቃቂም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል አልነበረም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተቀረጸው ቴፕ ወደ ውጭ ይላካል፤ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላ ወደ ሊባኖስና ወደ ግሪክ። ለገበያ የሚቀርበው ታትሞ በካርቶን ታሽጎ የመጣው ብቻ ነው፤ አልቆ ቢፈለግ እንደገና ትእዛዝና የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። የዛሬው ብርቅነት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ዘፈኑን ሳይወደው ቀርቶ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም የተወደደው ሸክላ በብዙ መርፌ ተፍቆ ያለቀው ነው።

ሙዚቃው ሶል ለመባል የበቃው ያለምክንያት አይደለም። ከባንዶቹ አንዱ ራሱን ሶል ኤኮስ ብሎ ሰይሞ ነበር። የአሜሪካ ሶል ያለ ነፋስ መሣሪያ አይሆንም፤ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ለዘፋኙ ይመልሱለታል። አዲስ አበባ ይህ ስልት ሲደርሳት የነፋስ መሣሪያ ተጫዋች አልቸገራትም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አስመጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ አቋቁመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ኖታ አንባቢ ሙዚቀኞችን አፍርተዋል። ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ጥላሁንና ብዙነሽ ከክብር ዘበኛ የወጡ ናቸው። በዚህ ላይ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ሸክላዎች የአሜሪካዊውን የሶል ዘፋኝ የጄምስ ብራውንን ስልት ለወጣቱ አቀረቡለት። ዓለማየሁ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» እስከ መባል የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የተገኘው ቅጂ አልነበረም። ዜማው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ላይ ይሄዳል፤ ከበሮው ብዙውን ጊዜ ቺክቺካ የሚባለውን ምት ይመታል። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ አፍሮ ላቲን ሶል የተሰኙ ሁለት ትልልቅ ሸክላዎች አሳትመው ከተመለሱ በኋላ ቫይብራፎንና አዲስ የቅንብር ዘዴ አመጡ። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ደግሞ ከሽለላና ከፉከራ የተቀዳ ነው። አንድ የውጭ አገር አድማጭ ይህን ሙዚቃ ሲሰማ ያወቀው የሚመስለውና ወዲያው የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘመኑ የተቋጨው በሁለት ነገሮች ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊው ገደብ የምሽት ክበቦቹን ገደለ፤ አምኃ እሸቴም በ1967 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ካሴት ደግሞ ረከሰ፤ እዚሁ ተባዝቶ ይሸጣል፣ ከሸክላ ጋር ሲነጻጸርም ቀላል ነው። አሊ ታንጎ እስከ መጨረሻው ገፍተው ካሳተሟቸው መካከል በ1967 ዓ.ም. ግድም የወጣው የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» እና የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ይገኛሉ። ከ1970 ዓ.ም. በኋላ ሸክላው ከገበያ ወጣ፤ ማጫወቻውም መርፌው ሲሰበር ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ተረሳ።

ሰብሳቢው ሸክላ የሚያገኘው ከዚህ የተረሳ ዕቃ ነው። የታወቀው መንገድ በቆራሌው በኩል ነው፤ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰው ከቆርቆሮና ከጠርሙስ ጋር ሸክላም ያነሳል፣ ዕቃውም ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ቤተሰብ ቤት ሲቀይር ደግሞ የሸክላው ዕጣ በአንድ ቀን ይወሰናል። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ነዋሪዎች በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወዳለው ገላን ጉራ ተዛውረዋል፤ ካዛንቺስ በቡና ቤቶቹና በሌሊት ሙዚቃው የታወቀ ሰፈር እንደመሆኑ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ይጫን ወይስ ይጣል የሚለው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ሦስተኛው ምንጭ ውጭ አገር ነው፤ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲሰደዱ ይዘዋቸው የሄዱ ሸክላዎች ብዙ ጊዜ አገር ውስጥ ከቀሩት የተሻለ ይዞታ አላቸው።

ሸክላ የሚመረመረው በብርሃን ነው። ሰብሳቢው ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ይዞ ወደ መስኮት ያዘነብለዋል። ቀጭን ጭረት ገጽታውን ያበላሻል እንጂ ብዙም አይሰማም፤ ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ግን በየዙሩ ቋ ይላል። ቀጥሎ የሚታየው የዘፈኑ መጀመሪያ ነው። መርፌ ደጋግሞ ያረፈበት ቦይ ግራጫ ይሆናል፣ የመግቢያው ነፋስ መሣሪያም በሹክሹክታ ይዋጣል። መሃል ላይ ያለው ወረቀት የአሳታሚውን ምልክትና ቁጥር ይይዛል፤ የአምኃ ቁጥሮች በኤኢ፣ የካይፋ በኬኤፍ ይጀምራሉ። ከወረቀቱ ውጭ ባለው ባዶ ጥቁር ቀለበት ላይ የተጫረው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት፤ በቅርብ ዓመታት አውሮፓ ውስጥ እንደገና የታተሙ ትንንሽ ሸክላዎች ስላሉ ዋናውን ከዳግም እትሙ ለመለየት ይህ ቀለበት ከሽፋኑ ይበልጥ ይታመናል። ወረቀቱ ላይ በብዕር የተጻፈ የባለቤት ስም ዋጋ ይቀንሳል ይባላል። ለታሪክ ግን ስሙ ባይፋቅ ይሻላል፤ ሸክላው በማን ቤት እንደኖረ የሚናገረው እሱ ነው።

ማጽዳቱ ቀላል ቢመስልም ጥፋት ያለው እዚህ ነው። የተጣራ ውኃና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይወሰድና ቦዩን ተከትሎ በዙሪያ ይጠረጋል፤ ቦዩን አቋርጦ መፈግፈግ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። በደቂቃ 78 የሚዞሩት የቀድሞዎቹ ሸክላዎች ከሼላክ የተሠሩ በመሆናቸው አልኮል ያቀልጣቸዋል። የተጸዳው ሸክላ ተደራርቦ ሳይሆን ቆሞ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ግን ይጠማዘዛል፣ አይመለስም።

ብርቅ የሶል ሸክላ አሳድዶ ማጫወትን ባህል ያደረጉት የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1981 ክፍት በነበረው ዊጋን ካሲኖ በተባለው የጭፈራ አዳራሽ ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩ ያድሩ ነበር፤ የሚፈለገውም በአሜሪካ ሳይሸጥ የቀረ ሸክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ታትሞ ሳይሰራጭ የቀረ የፍራንክ ዊልሰን ሸክላ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሸጧል። የኢትዮጵያ ሸክላዎች ወደዚህ ዓለም የገቡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አሳተመ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ የአምኃንና የካይፋን ሥራዎች አወጣ። የሙላቱ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ከተሰማ በኋላ ፈላጊው በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሙዚቀኞቹ ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ለራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት። በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ የነበሩት ኃይሉ መርጊያም የቀድሞ ሥራዎቻቸው እንደገና ሲታተሙ ወደ መድረክ ተመለሱ።

እነዚህን ሸክላዎች ለጨፋሪ የሚያጫውተው ዲጄ ሁለት ማጫወቻ፣ አንድ ሚክሰርና ሄድፎን ይዞ ይሠራል። አንዱ ሸክላ ሲሰማ ሌላውን በሄድፎን እያዳመጠ ዘፈኑ የሚጀምርበትን ነጥብ በእጁ ያገኛል። ዘመናዊ የዳንስ ሙዚቃ የሚያጫውት ዲጄ ሁለት ዘፈኖችን በአንድ ፍጥነት አስተካክሎ ያዋህዳል፤ በእነዚህ ሸክላዎች ግን ይህ ብዙም አይሳካም። ሙዚቀኞቹ አብረው በአንድ ጊዜ እየተጫወቱ ስለተቀረጹ ከበሮው ስሜቱ ሲግል ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲተክዝ ይለዝባል። ቺክቺካው ስድስት ስድስት እየቆጠረ ሲሄድ የአሜሪካው ፈጣን ሶል አራት አራት ይቆጥራል። ስለዚህ ዋናው ችሎታ የት መቁረጥ እንዳለበት ማወቅ ነው፦ የነፋስ መሣሪያዎቹ የመጨረሻ ጩኸት ላይ፣ ወይም ከበሮው ብቻውን በቀረበት ቅጽበት። ድልድይም አለ። አንዳንድ ዝግ ያሉ የአሜሪካ ሶል ዘፈኖች እያንዳንዱን ምት በሦስት ይከፍላሉ፤ ከእነሱ ወደ ትዝታ ሲታለፍ የጨፋሪው እግር አይሳሳትም። ከሦስትና ከአራት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሸክላ መነሳት ስላለበት ምርጫው ቀድሞ ካልታሰበ ጸጥታ ይመጣል።

በዊጋን ዘመን ዲጄዎች ተቀናቃኝ እንዳያውቅባቸው የሸክላውን መሃል በሌላ ወረቀት ይሸፍኑ ነበር። ለኢትዮጵያ ሸክላ ይህ ልማድ አይበጅም። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ጎልቶ የሚነበበው የዘፋኙ ስም ነው፤ ሳክስፎኑን የነፋው፣ ቅንብሩን የሠራው ሁልጊዜ አልተጻፈም። ስሙን የሚያውቅ ዲጄ በማይክ ቢናገረው ለሙዚቀኛው ከጭብጨባ የሚበልጥ ውለታ ይሆናል።

መጫወት ሸክላን እንደሚበላ አይካድም። ጠንቃቃ ዲጄ በመጀመሪያ ንጹሕ ሸክላውን በአዲስ መርፌ አንድ ጊዜ ወደ ዲጂታል ይገለብጣል፤ ጫጫታውን በፕሮግራም ከማጥፋቱ በፊት ያልተነካውን ቅጂ ያስቀምጣል፣ ምክንያቱም ማጽጃው ፕሮግራም ከጭረቱ ጋር የጽናጽሉን ድምፅም ይወስዳል። ቅጂው ለገበያ ሊወጣ ከሆነ የሕግ ጉዳይ ይመጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙና ለድምፅ ሪኮርዲንግ አዘጋጁ 50 ዓመት ይሰጣል፤ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ግን ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ የ1961 ዓ.ም. ሸክላ አሮጌ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይታተምም፤ አሳታሚው ገጣሚውንና ዜማ ደራሲውን፣ እነሱም ከሌሉ ወራሾቻቸውን ፈልጎ መዋዋል አለበት።