የካሜራ ዋጋ ከዱባይ ይረክሳል፤ ዋስትናውስ?
ከውጭ በሻንጣ የሚገባው ካሜራ ከአገር ውስጡ የሚያተርፈው መቼ ነው? የሚያከስረውስ?

ጥር ሲጠባ የፎቶ ቤቶች ስልክ ማቃጨል ይጀምራል። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ሁሉ በዚህ ወር ይደራረባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ቀዝቀዝ ይልና ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት እንደገና ይሟሟቃል። ካሜራ ሠሪው የዓመት የቤት ኪራዩንም ሆነ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያገኘው በአብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። አዲስ ካሜራ ለመግዛት የሚነሳውም ይኸው ወቅት ከመድረሱ ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ ታዲያ የተለመደው ጥያቄ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ሱቅ ይግዛ ወይስ ወደ ዱባይ ለሚሄድ ሰው ገንዘብ ይስጥ?

መልሱ ለብዙዎች ቀላል ሆኖ ይታያቸዋል። ዱባይ ይረክሳል፣ አለቀ። ይሁንና ርካሹ ካሜራ በሠርግ ማግሥት ሹተሩ ሲቆለፍ፣ ወይም ሴንሰሩ መሥመር ሲያሳይ፣ ያን ያህል ቀላል እንዳልነበረ ይታወቃል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

በአገር ውስጥ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካሜራ በሕጋዊ መንገድ ከገባ ብዙ ሸክም ተሸክሞ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ አለበት። በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታከልበታል። ቀረጡን ትተን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ቢደመሩ ሩብ የሚሆን ጭማሪ ናቸው። የባንክ አገልግሎት፣ የትራንዚተር ክፍያና የሱቅ ኪራይ ከዚያ በላይ ነው።

ሁለተኛው ሸክም የውጭ ምንዛሪ ነው። የብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ በለቀቀበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ወደ 75 ብር ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ130 ብር አልፏል። ካሜራ የሚሠራው ውጭ አገር፣ የሚገዛውም በዶላር ስለሆነ፣ አስመጪው የሸጠበትን ብር ይዞ ያንኑ ዕቃ መልሶ ማምጣት የማይችልበት ጊዜ ነበር። በዚህ የተነሳ ነጋዴው ዋጋ ሲያወጣ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የነገውንም ምንዛሪ ያስባል። ገዢው "ተወደደ" የሚለው ዋጋ ይህንን ፍርሃት ጭምር የያዘ ነው።

በዱባይ ሁኔታው የተለየ ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር ያለው ተመን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 3.6725 ላይ የቆመ በመሆኑ ነጋዴው በምንዛሪ አይሰጋም። በቡር ዱባይ አል ፋሂዲ ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚፎካከሩ ትርፋቸው ስስ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስከፈል ብትጀምርም፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለጎብኚዎች ተመላሽ የሚደረግበትን ሥርዓት ዘርግታለች። በሥርዓቱ ውስጥ ከተመዘገበ ሱቅ ቢያንስ በ250 ድርሃም የገዛ መንገደኛ፣ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ በአውሮፕላን ማረፊያው አስመስክሮ ከከፈለው ታክስ አብዛኛው፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ 4.80 ድርሃም ተቀንሶ፣ ይመለስለታል። ብዙ መንገደኛ ግን ለበረራ ሲጣደፍ ይህን ገንዘብ ትቶት ይመጣል።

ስሌቱ እንዲህ ነው

ለስሌት እንዲያመች አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አኃዞቹ የሒሳቡን አካሄድ ለማሳየት የቀረቡ እንጂ የሰሞኑ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ካሜራ ዱባይ 2,000 ዶላር፣ ማለትም 7,345 ድርሃም ይሸጣል እንበል። በዋጋው ውስጥ ያለው ታክስ 350 ድርሃም ያህል ነው። ተመላሹ በዶላር ወደ 80 ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው ለመንገደኛው በ1,920 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ያው ካሜራ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ በብር ተተምኖ 2,500 ዶላር ቢያወጣ ልዩነቱ 580 ዶላር ነው። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ነገር ግን ልዩነቱ ሙሉ ሆኖ የሚቀረው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው። አንደኛው ገዢው ወይም ወዳጁ ለሌላ ጉዳይ ዱባይ የሚሄድ ሲሆን ነው። ለካሜራው ብሎ ቲኬትና ቪዛ ከገዛ ትርፉ እዚያው ያልቃል። ሁለተኛው ካሜራው በቦሌ እንደ ግል መገልገያ ካለፈ ነው። የጉምሩክ ሠራተኛው ለንግድ የመጣ ነው ብሎ ቀረጥ ካስከፈለ፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ ብቻ በ2,000 ዶላር ላይ ቢታሰቡ ከ500 ዶላር ያላነሰ ነው። ያን ጊዜ 580 ዶላር የነበረው ልዩነት ከ80 ዶላር በታች ይወርዳል። ቀረጡ ሲጨመር ደግሞ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ብዙዎች የዱባይ ርካሽነት የሚሉት ነገር በአብዛኛው ያልተከፈለ ታክስ መሆኑን ነው። ሦስትና አራት ካሜራ በሻንጣ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባዋል። የሚያተርፈው ከንግዱ ችሎታ ሳይሆን ካለመያዙ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ሲያዝ የብዙ ጉዞ ትርፉን ያጣል።

ዋስትናው የማን ነው?

በካርቶኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ የዋስትና ወረቀት ብዙ ጊዜ ሳትነበብ ትቀራለች። የካሜራ ኩባንያዎች በየአካባቢው የራሳቸው የሽያጭ ድርጅት ወይም ወኪል አላቸው። ዋስትናውን የሚሰጠው ይኸው የአካባቢው ድርጅት እንጂ ጃፓን ያለው ፋብሪካ በቀጥታ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ አገር ገበያ የተሰጠ ዋስትና ሌላ አገር ላይ ላይሠራ ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካ ገበያ ነው። የኒኮን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ለአሜሪካ ገበያ ያላስገባውን ካሜራ በዋስትና ቀርቶ በክፍያም እንደማይጠግን ያስታውቃል። በወኪሉ በኩል ሳይሆን በጎን የገባ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ "ግሬይ ማርኬት" ይባላል። ዕቃው የተሰረቀ ወይም ሐሰተኛ አይደለም። ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ነው። የሌለው የዚያ አገር ወኪል ዋስትና ነው። በኒውዮርክ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው ትልቁ የካሜራ መደብር ቢ ኤንድ ኤች ለዓመታት አንዱን ካሜራ በሁለት ዋጋ፣ አንዱን የአሜሪካ ዋስትና ያለው፣ ሌላውን ከውጭ የገባ ብሎ ለይቶ ሲሸጥ ቆይቷል። ገዢው የዋስትናን ዋጋ በዓይኑ እያየ ይመርጥ ነበር።

አሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል ለሚያስመጣ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአሜሪካ ዋስትና ያለው ካሜራ ቢበላሽ መመለስ ያለበት ወደ አሜሪካ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ ለሸማች የሚሰጠው የሁለት ዓመት ጥበቃም ቢሆን በሻጩ ላይ የሚቀርብ መብት ነው። ሻጩ ፍራንክፈርት ከሆነ ካሜራውም ወደ ፍራንክፈርት ይሄዳል ማለት ነው። ከጃፓን የሚመጣ ካሜራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚያወጣቸው በርካታ ካሜራዎች በጃፓንኛ ብቻ የሚሠሩ ናቸው።

በዚህ ላይ ዋስትና የማይሸፍነው ብዙ ነው። የወደቀ፣ ውኃ የገባበት፣ አቧራ የዘጋው ካሜራ ከዋስትና ውጭ ነው። ለካሜራ ሠሪው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ዋስትናው ካሜራውን ይጠግናል እንጂ የቀረውን ሥራ አይከፍልም። ሙሽሮቹ ድጋሚ አይዳሩም።

ሲበላሽ የሚመጣው ሒሳብ

ወደ ምሳሌው እንመለስ። ካሜራው በቦሌ በነፃ አልፎ 580 ዶላር ተርፎለታል እንበል። በአምስተኛው ወር ሹተሩ ተሰበረ። ዱባይ ልኮ ለማስመለስ 150 ዶላር፣ ካሜራው እስኪመለስ ባለው አንድ ወር ውስጥ ለስምንት ሠርግ ሌላ ካሜራ ለመከራየት በእያንዳንዱ 40 ዶላር፣ በጠቅላላው 320 ዶላር ያወጣል። ድምሩ 470 ይሆናል። ዋስትናው ከሠራለት አሁንም 110 ዶላር ተርፎታል። ዋስትናው "የእኛ አይደለም" ተብሎ ቢመለስና የጥገናው 400 ዶላር ቢጨመር ግን ወጪው 870 ይደርሳል፤ 290 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ወደ ውጭ ሲልከው ካሜራው መውጣቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ሰነድ ካልያዘ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት እንደሚችልም አይዘንጋ።

የአገር ውስጡ ገዢ 580 ዶላሩን አስቀድሞ ከፍሏል። በምትኩ ምን አገኘ? ሱቁ ካሜራውን ተቀብሎ እስኪጠገን ሌላ ካሜራ ካዋሰው፣ ከኪራዩም ከመላኪያውም ተገላገለ። ሱቁ ግን "የስድስት ወር ጋራንቲ" ብሎ ከጻፈለት በኋላ ካሜራውን ተቀብሎ እሱም ዱባይ የሚልከው ከሆነ፣ ገዢው ያንኑ አንድ ወር ይጠብቃል፤ ያንኑ 320 ዶላር ኪራይ ይከፍላል። ከመላኪያው በቀር ለተከፈለው ልዩነት ያገኘው ነገር የለም።

ስለዚህ "አገር ውስጥ ወይስ ውጭ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ሙሉ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ካሜራው ሲበላሽ ማን፣ የት፣ በስንት ቀን ይጠግነዋል የሚለው ነው። ይህን በጽሑፍ ለሚመልስ ሱቅ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስቆጭም። በቃል ብቻ ለሚመልስ ግን ልዩነቱን መክፈል ትርጉም የለውም።

ሕጉም ለአገር ውስጥ ገዢ አንድ መደገፊያ ሰጥቶታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ዋጋ ለማስቀነስ ሲል ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው የቀነሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መብቱንም ነው።

ከመግዛት በፊት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለአውሮፕላን እየተጣደፉ የሚገዛ ካሜራ ጣጣው ብዙ ነው። ከበረራው ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ መግዛትና ሆቴል ገብቶ መሞከር ጥፋቱን እዚያው ለመለወጥ ያስችላል። በካሜራው ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከዋስትና ወረቀቱ ጋር መመሳሰል አለበት። የሱቁ ማኅተምና የተገዛበት ቀን በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። ከካርቶኑ ውስጥ ዋናውን ባትሪና ቻርጀር አውጥተው ለየብቻ የሚሸጡ ሱቆች ስላሉ ዝርዝሩን እያዩ መቁጠር ይገባል። ትርፍ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይሄዱም።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ደግሞ የሹተሩን ቆጠራ ይጠይቅ። የካኖን 5ዲ ማርክ 4 ሹተር ለ150,000፣ የኒኮን ዲ850 ለ200,000 ጊዜ እንዲሠራ የታሰበ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ የመጀመሪያውን በ75 ሠርግ ይጨርሰዋል። ላዩ የሚያብረቀርቅ ሁሉ አዲስ አይደለም።

ለአስመጪው የቀረ ዕድል

ከዚህ ሁሉ ትርፍ ያለው መልእክት ለነጋዴውም ነው። በቀረጥና በታክስ የገባ ካሜራ በዋጋ ከሻንጣው ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ አይችልም። የሚያሸንፈው ሻንጣው በማይሰጠው ነገር ነው። በመጋዘኑ ሁለት ተዋሽ ካሜራ የሚያስቀምጥ፣ አንድ የሠለጠነ ጠጋኝ የሚቀጥርና "በጥገና ላይ ሳለ ሥራዎ አይቆምም" ብሎ በደረሰኙ ላይ የሚጽፍ አስመጪ የሚሸጠው ካሜራ ብቻ አይሆንም። ካሜራ ሠሪው በጥር ወር የሚገዛው ነገር ይኸው ነውና።

ካሜራ ሠሪውም በበኩሉ ሌላ አማራጭ አለው። በዱባይ ግዢ ያተረፋትን 580 ዶላር ለሌላ ነገር ከማዋል ይልቅ ደህና ያገለገለ ሁለተኛ ካሜራ ቢገዛባት፣ ሠርጉ መሐል ላይ አንደኛው ቢቆለፍ ሌላው አንገቱ ላይ አለ። ትርፏን ግን በልቶ በአንድ ካሜራ ወደ ሠርግ የሚሄድ ከሆነ፣ ያን ቀን ዋስትናው የተጻፈበት ከተማ አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ለሙሽሮቹ ለውጥ የለውም።