አዲስ የገባች ዳክዬ እንቁላል መጣል ለምን ታቆማለች?

ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላ የተዛወረች ዳክዬ፣ በቀድሞ ቤቷ በየማለዳው ስትጥል የኖረች ብትሆንም እንኳ፣ አዲሱ ቤት ከገባች በኋላ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ እንቁላል ማቋረጧ የተለመደ ነው። ይህን ያላወቀ ገዢ ሻጩ እንዳታለለው ይቆጥራል፣ ወይም ታማለች ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፣ አለዚያም መኖውንም ማደሪያውንም ባንድ ጊዜ ይለዋውጣል። ከሦስቱ ይበልጥ የሚጎዳው የመጨረሻው ነው፤ ዳክዬዋን ከመጣል ያገዳት ለውጥ ራሱ ሆኖ ሳለ ሌላ ለውጥ መደረብ እንቁላሉን ይበልጥ ያርቀዋልና።

የመጣልን ሥራ የሚያዘው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ የቀን ብርሃን በዓይን ብቻ ሳይሆን በራስ ቅል በኩል ጭምር ዘልቆ ሲደርሰው፣ የመራቢያ ሆርሞኖች፣ ማለትም በደም እየተዘዋወሩ ለአካል ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች፣ እንዲመነጩ ያደርጋል። በሣጥን ተጭና የተጓዘች፣ ከመንጋዋ የተለየችና የማታውቀው ውሻ የሚጮኽባት ዳክዬ ግን ኮርቲኮስቴሮን የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በደሟ ውስጥ ስለሚበዛ ያ ትእዛዝ ይገታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ አዴል ካምፕቤል የተባሉ እንግሊዛዊት ያዳቀሉትና በዓመት እስከ 300 እንቁላል ሊጥል የሚችለው የካኪ ካምፕቤል ዝርያ እንኳ ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ስለዚህ ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያደርግ የሚገባው ነገር ጥቂት ነው። ዳክዬ የመንጋ እንስሳ ስለሆነች ከጓደኞቿ ጋር መግዛት፣ ለጥቂት ቀናት ከማደሪያዋና ከአጠገቡ ካለው የታጠረ ቦታ ሳያስወጡ ማቆየት፣ ከሻጩም የለመደችውን መኖ ጥቂት ተቀብሎ ከአዲሱ ጋር እየቀላቀሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ ይበቃል። በግቢው ሌሎች ዶሮዎች ወይም ዳክዬዎች ካሉ ግን፣ ዳክዬ እንደ ወፍ ጉንፋን ያሉ በሽታዎችን ምልክት ሳታሳይ ልትሸከም ስለምትችል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ውኃ ነው። ስትበላ ያስተዋላት ሰው፣ ጥቂት መኖ አፍሳ ወደ ውኃው እንደምትሮጥ፣ መንቁሯን ነክራና አጥባ እንደገና ወደ መኖው እንደምትመለስ፣ ይህንንም ሳትሰለች እንደምትደጋግም ያያል፤ ደረቅ መኖ ያለ ውኃ በጉሮሮዋ በደንብ አይወርድላትምና። ኩሬ የግድ አያስፈልጋትም፤ ሆኖም አፍንጫዋንና ዓይኗን እንድታጥብ ራሷን ሙሉ በሙሉ የምትነክርበት ጥልቅ ዕቃ ሊኖራት ይገባል። ለዶሮ የሚቀርበው ጠፍጣፋ የውኃ ማጠጫ ለዚህ አይበቃም።

በመኖ ረገድ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲንና ለቅርፊት የሚሆን በቂ ካልሲየም ያለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ያገለግላታል። የሻገተ እህል ወይም የሻገተ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ቅሪት፣ ፈጽሞ ሊቀርብላት አይገባም። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ዳክዬን በተለይ ይጎዳል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎችን፣ ከእነሱም ጋር የዳክዬ ጫጩቶችን የፈጀው በተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ምክንያት ነበር።

በአውሮፓ የክረምት ቀን በጣም ስለሚያጥር አርቢዎች በመብራት እየታገዙ ብርሃኑን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያደርሱታል። በኢትዮጵያ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ስለማይርቅ ችግሩ ያን ያህል አይከብድም፤ እዚህ የሚያሰጋው ይልቁንም ሌሊት ሸለምጥማጥ የሚገባበት ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው። አንድ ሌሊት የደነገጠ መንጋ ለቀናት እንቁላል ሊነፍግ ይችላል።

ዳክዬዋ አትጥልም ብሎ ከመፍረድ በፊት መመርመር ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ጭራው ላይ ወደ ላይ የተጠቀለለ ላባ ያለውና ድምፁ የሻከረው ወንድ ነው፤ ጮክ ብላ የምትጮኸው ሴቷ ናት። ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው በማለዳ ስለሆነ፣ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ከማደሪያዋ ካልወጣች እንቁላሉ እዚያው ይገኛል። ቀደም ብላ ከተለቀቀች ግን ቁጥቋጦ ሥር ጥላ፣ በጉዝጓዝና በቅጠል ሸፍና ልትመጣ ትችላለች። በግቢው ላባ በብዛት ወድቆ ከታየ ደግሞ ዳክዬዋ ላባዋን እየቀየረች ነው፤ አሮጌው ላባ ረግፎ አዲሱ እስኪበቅል ድረስ የምትበላው ፕሮቲን ወደ ላባው ስለሚሄድ እንቁላል አይጠበቅባትም። ይህም ሁለት ወር ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ ለሽያጭ ወይም ለእርድ ከማውጣቱ በፊት ባለቤቱ ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ይስጣት።