በእሳት ለተቃጠለ ሰው ውሃን በልክ ስለ መስጠት

የሰው ቆዳ ለውበት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይባክን የሚጠብቅ አጥር ነው። ይህ አጥር በሰፊው በተቃጠለ ጊዜ የደም ሥሮች ውሃቸውን ወደ ሥጋ ያፈሳሉ፤ ደም ያንሳል፤ ኵላሊትም ይደክማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚያሰጋው ቍስሉ ብቻ ሳይሆን የውሃው ማነስ ነው።

ሐኪሞች ይህን ውሃ በደም ሥር የሚሰጡት በግምት አይደለም። አስቀድሞ የተቃጠለው ስፍራ ይለካል፤ ራስ ከመቶ 9፥ እያንዳንዱ ክንድ 9፥ እያንዳንዱ እግር 18፥ ደረትና ሆድ 18፥ ጀርባም 18 ሆኖ ይቈጠራል። በአሜሪካ አገር በዳላስ የነበሩት ሐኪም ባክስተር በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ለአንድ ኪሎ ክብደትና ለአንድ መቶኛ ቃጠሎ 4 ሚሊ ሊትር ነበር። ነገር ግን የበዛ ውሃ ሳንባንና ሆድን እንደሚጐዳ ስለ ታወቀ ዛሬ በ2 መጀመር ይመከራል። እንግዲህ 60 ኪሎ ለሚመዝንና ከመቶ 30 ለተቃጠለ ሰው በ24 ሰዓት 3600 ሚሊ ሊትር ይታሰባል፤ ግማሹም በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓቶች መግባት ይገባዋል። ሰዓቱ የሚቈጠረው ሰውየው ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ነው እንጂ ሐኪም ቤት ከደረሰበት አይደለም። ከዚያ ወዲያ መሪው ሽንት ነው፤ በሰዓት ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቢወጣ መልካም ነው፤ ቢያንስ ውሃው ይጨመራል፤ ቢበዛ ይቀነሳል።

ነገር ግን መንገድና መድኃኒት ከሌለ ዕውቀት ብቻውን አያድንም። የመቀሌ ሰዎች ይህን በመከራ ዐውቀውታል። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ በአውሮፕላን በተደበደበ ጊዜ አምቡላንሶች ወደ ስፍራው እንዳይደርሱ መከልከላቸውን ሐኪሞች ተናግረዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዓይደር ሐኪም ቤት መድኃኒት ጠፍቶ ነበር፤ የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አውሮፕላን ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ጭነት መቀሌ ያደረሰው ጥር 18 ቀን ነው።

ስለዚህ የቤት ጌታና እመቤት ይህን ልብ ይበሉ። ለተቃጠለ ሰው ቀለበቱንና አምባሩን አውልቁለት፤ ቍስሉን 20 ደቂቃ በንጹሕ ወራጅ ውሃ አብርዱለት። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ቍስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሰውነቱን ከብርድ ጠብቁ። መንገዱ ሩቅ ቢሆን፥ አእምሮውን ካልሳተና ካላስመለሰው፥ ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ውሃ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ከሁሉም በላይ የተቃጠለበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ፤ ስሌቱ ሁሉ ከዚያ ይጀምራልና።