ከመልካሳ እስከ ቀይ ሽብር ሙዚየም

ከመልካሳ ማልዶ የተነሳ ሰው አዳማ ላይ መኪና ቀይሮ ወደ ፍጥነት መንገዱ ከገባ፣ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ከአደባባዩ ጥግ፣ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ሲጀምር፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን ንድፉ የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ነው። ሐሳቡን ገፍተው ለፍሬ ያበቁት ከእስር የተረፉ ሰዎችና ልጅ፣ ወንድም፣ እህት የተነጠቁ ቤተሰቦች ናቸው። ለመግቢያ ክፍያ የለም፤ የፈቀደ ይለግሳል።

ቦታው ራሱ የታሪኩ አካል ነው። አደባባዩ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረበት ዘመን፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተቃዋሚዎች ደም ምሳሌ የሆነ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት የሰባበሩት እዚህ ነው። በእነዚያ ወራት የቀበሌ አብዮት ጠባቂ መሣሪያ ታጥቆ ቤት ለቤት ያስሳል፤ የደርግ ተቃዋሚ በነበረው በኢሕአፓ ፓርቲ አባልነት የተጠረጠረ ወጣት ሌሊት ይወሰዳል፤ ጠዋት ሬሳው መንገድ ዳር ይገኛል። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ ከአሥር ሺዎች አንስቶ እስከ ግማሽ ሚሊዮን የሚያደርሱት አሉ።

ውስጥ ገብቶ ብቻን መዞር ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከአስጎብኚዎቹ መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተገረፉ አሉ። ወፌ ላላ የሚሉትን ግርፋት ሥዕሉን አይቶ መረዳት አስቸጋሪ ነው፤ እጅና ጉልበት አንድ ላይ ታስሮ፣ በመሃል እንጨት ገብቶ፣ ሰው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ውስጥ እግሩ ይገረፋል። ይህን የደረሰበት ሰው ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ሲያስረዳ ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ አፍ ይያዛል። ፖላንድ ውስጥ በቀድሞው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ላይ ያለው የአውሽዊትዝ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው በቀድሞ እስረኞች ጥረት ነበር፤ ዛሬ ግን እዚያ የሚያስጎበኙት ታሪኩን በትምህርት ያወቁ ናቸው። የእኛዎቹም በዕድሜ እየገፉ ነው።

ከባዱ ክፍል ከጅምላ መቃብር የወጡት አፅሞችና አልባሳት ያሉበት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ መቃብሮቹን በመመርመር የአርጀንቲና የአፅም ባለሙያዎች ረድተዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከተቆፈሩት በአንዱ፣ አፅሞቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ እንደታሰረ ተገኝቷል። ሕፃናትን ወደዚህ ክፍል ባያስገቡ ይሻላል።

የሕጉም ጉዳይ ሊነገር ይገባል። የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1949 ከማንም ቀድማ ያፀደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ስምምነቱ የሚጠብቀው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለዩ ቡድኖችን ነው፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ግን የፖለቲካ ቡድኖችንም ጨመረ። መንግሥቱ በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉትም በዚህ ሕግ ነው። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ እስራት፣ በይግባኝ በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ እርሳቸው ግን ዚምባብዌ ነበሩ።

የኢሕአፓ ታጣቂዎች የገደሏቸውስ የሚል ጎብኚ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አስጎብኚውን ፊት ለፊት መጠየቅ ነው። መልሱ እንደ መላሹ ይለያይ ይሆናል፤ በዚያ ትውልድ መካከል ክርክሩ ገና አልበረደምና።

በግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ በፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ አብዛኛው የተማሪ ፊት ነው። ሽብሩ አዲስ አበባ ላይ አልቆመም፤ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ደርሷል። ስለዚህ ከመልካሳ ከመነሳት በፊት ቤት ያሉትን ታላላቆች መጠየቅና የሚያስታውሱትን ስም ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፤ ግድግዳው ፊት ሲቆሙ የሚፈልጉት ሰው ይኖራል።