ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚበቃውን የራም መጠን ስለመወሰን

ለጥናት ሥራ የሚውል ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲገዛ፣ «ስንት ጊጋባይት ራም ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚሰጠው በጀቱ ወይም ሻጩ ነው። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ግን ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ይዞት ከሚሠራው የመረጃ መጠን ነው።

ራም ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ያለውን መረጃ የሚያገኝበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ነው። ከራም መረጃ ለማንበብ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ሲበቃ፣ ከሃርድ ዲስክ ለማንበብ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ኤስኤስዲ ይህን ልዩነት በእጅጉ ቢያጠበውም አያጠፋውም። ራም ሲሞላ ስርዓተ ክወናው ከመረጃው ከፊሉን ወደ ዲስክ ያሸጋግራል። ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረበው ጽንሰ ሐሳብ እንዳስረዳው፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ወቅት ደጋግሞ የሚጠቀምበት የተወሰነ የመረጃ ክፍል አለው። ይህ ክፍል ራም ውስጥ ከገባ ሥራው ይቀላጠፋል፤ ካልገባ ኮምፒውተሩ ከማስላት ይልቅ መረጃ በማመላለስ ይጠመዳል። ከዚህ ወሰን በላይ የሚጨመር ራም ግን ፍጥነትን በዚያው ልክ አይጨምርም።

የሚከተለው ስሌት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግቧል። ይህን የሚያህል ስብስብ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 20 ተለዋዋጮችን ይዞ፣ በፓይተን ይተንተን ቢባል፣ በፓንዳስ የተለመደ አሠራር አንድ ቁጥር 8 ባይት ይይዛል። ድምሩ 11.7 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። መደርደርና ማጣመርን የመሰሉ ተግባራት ቅጂ ስለሚፈጥሩ ፍላጎቱ ለጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 16 ጊጋባይት አይበቃም፤ 32 ያስፈልጋል። የሚተነተነው የስብስቡ አንድ አሥረኛ ብቻ ከሆነ ግን 1.2 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ 8 ጊጋባይት ያለው ኮምፒውተር ሊወጣው ይችላል።

ሌላም አማራጭ አለ። ዕድሜንና ጾታን የመሰሉ አነስተኛ ሙሉ ቁጥሮች በ1 ባይት ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁሉም ተለዋዋጮች እንዲህ ያሉ ቢሆኑ ሙሉው ስብስብ ወደ 1.5 ጊጋባይት ይወርዳል። ችግሩ ያለ ግዢ ይፈታል ማለት ነው።

እንግዲህ ውሳኔው ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ፣ ነባሩ ኮምፒውተር እጅግ ከባዱን ሥራ ሲሠራ የሚጠቀመውን ራም በተግባር መቆጣጠሪያው መለካት፤ ቀጥሎ መረጃው በአነስተኛ ቦታ ሊቀመጥ ይችል እንደሆነ መመርመር፤ በመጨረሻም ለስርዓተ ክወናውና ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚበቃ ትርፍ መጨመር ነው። ለዊንዶውስ 11 የተቀመጠው የ4 ጊጋባይት ዝቅተኛ መስፈርት ስርዓቱን ለማስኬድ እንጂ ለትንተና የታሰበ አይደለም። ወደፊት የመረጃው መጠን እንደሚያድግ ከታወቀም፣ ማዘርቦርዱ ክፍት የራም ማስገቢያ እንዲኖረው ማድረግና የሚቀበለውን የራም ዓይነት ማረጋገጥ ይገባል፤ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡምና።